የማርስ ዋሻ እንዴት ይሠራል?

ገንፎ ከምድጃ እንደወረደ ላዩ ቶሎ ቆዳ ያበጃል። በርዷል ብሎ የጎረሰ ግን አፉ ይቃጠላል፤ ቆዳው የውስጡን ሙቀት አፍኖ ይዞታልና። የማርስ ዋሻ አሠራርም ከዚህ ይጀምራል።

ከእሳተ ገሞራ የወጣ ላቫ ቁልቁል ሲፈስ ላዩ ይጠጥራል፤ ሥሩ ግን ሙቀቱን ስለማያጣ መፍሰሱን ይቀጥላል። ከምንጩ የሚመጣው ሲቋረጥ የቀረው ተንጠፍጥፎ ይወርድና ጣሪያ ያለው ባዶ ቱቦ ይቀራል። በሃዋይና በአይስላንድ ጎብኚዎች እንዲህ ባሉ ዋሻዎች ውስጥ ይመላለሳሉ። የማርስ ስበት ከምድር 38 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ጣሪያው ሳይደረመስ ዋሻው ይበልጥ ሊሰፋ ይችላል።

እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች አርሲያ ሞንስ በተባለው የማርስ እሳተ ገሞራ ላይ ከ100 እስከ 250 ሜትር የሚሰፉ፣ የዋሻ አፍ ሊሆኑ የሚችሉ ሰባት ጥቁር ጉድጓዶች ማግኘታቸውን አስታወቁ። የኦዲሲ መንኮራኩር የሙቀት ካሜራ ሲያያቸው ቀን ከአካባቢያቸው ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ደግሞ ሞቅ ይላሉ፤ ይህ የጥልቅ ጉድጓድ ጠባይ ነው። ወደ ጎን የሚዘልቅ ዋሻ እንዳላቸው ግን ከላይ ሆኖ ማረጋገጥ አይቻልም።

ለሰው ምን ይጠቅማል?

ማርስ መላ አካሏን የሚጋርድ መግነጢሳዊ መስክ የላትም፤ የአየሯ ግፊትም ከምድር 1 በመቶ አይሞላም። ኪዩሪዮሲቲ የተባለው ተሽከርካሪ ሮቦት ገጽዋ ላይ የለካው ጨረር በቀን 0.67 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ዓመቱን ሲደመር ምድር ላይ ከተፈጥሮ ከሚያገኘን 100 እጥፍ ያህል ይሆናል። ጥቂት ሜትር የሚወፍር የዋሻ ጣሪያ አብዛኛውን ይመክታል፤ የቀንና የሌሊቱንም ሙቀት ያቀራርባል። አየር ግን አይሰጥም። ሰፋሪው አየር የማያስወጣ መጠለያ ይዞ ገብቶ እዚያው መንፋት አለበት። አርሲያ ሞንስ ላይ ማረፉም ከባድ ነው፤ ከከፍታው የተነሳ አየሩ ስለሚሳሳ ፓራሹት በቂ መያዣ አያገኝም።

ማን ይቅደም?

ለሰው ከለላ የሚሆን ጣሪያ ለረቂቅ ተሕዋስያንም ይሆናል። በምድር ላቫ ዋሻዎች የዐለት ማዕድን እየተመገቡ ያለ ፀሐይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። በማርስ ዋሻ ሕይወት ካለ፣ ሰው ቀድሞ ከገባ የራሱን ባክቴሪያ ስለሚያራግፍበት የተገኘው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የሕዋ ስምምነትም አገሮች ሌሎች ሰማያዊ አካላትን ጎጂ በሆነ መንገድ እንዳይበክሉ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ቀድሞ መግባት ያለበት ከጀርም የጸዳ ሮቦት ነው፤ የሰፋሪው ተራ ከምርመራው ውጤት በኋላ ይደርሳል።