ወባ ነው ያልነው ትኩሳት

ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ወሎ ሰፈር ከኢትዮ ቻይና መንገድ ገባ ብሎ ባለው መንደራችን ስሜ እስካሁን «ሲስተር» ነው። የሕፃኑ ትኩሳት፣ የአባወራው ደም ግፊት፣ በቢላ የተቆረጠው ጣት መጀመሪያ የሚመጣው እኔ በር ላይ ነው። አብዛኛውን አይቼ «ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ብዬ እሸኛለሁ። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ግን አንዲት ጎረቤቴ ከሰሜን ወሎ የመጣ የእህቷን ልጅ ደግፋ ስትገባ እንደ ልማዴ መሸኘት አልቻልኩም።

«ሲስተርዬ፣ ይሄ ልጅ እጄ ላይ ሊያልፍብኝ ነው። ታይፎይዱ አልለቀው አለ» አለችኝ።

ልጁ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ጉንጩ ሟሙቷል፣ ሱሪው አልይዝ ብሎት በገመድ አስሮታል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። አክስቱ የያዘችው ፌስታል በምርመራ ወረቀት ተሞልቷል። ሦስቱ ላይ ታይፎይድና ታይፈስ ይላል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ የወባ መድኃኒት ወስዷል። መቼም በከተማችን ትኩሳት ይዞት ሄዶ «ታይፎይድና ታይፈስ» ሳይባል የተመለሰ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ያ የተለመደው የደም ምርመራ ቀደም ሲል በነበረ ሕመም ምክንያትም «አለ» ሊል ስለሚችል፣ ለብቻው ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም።

«ልጄ፣ ከመታመምህ በፊት የት ነበርክ?» አልኩት።

«መተማ ነበርኩ እማማ። ሰሊጥ አጨዳ።»

«የት ታድሩ ነበር?»

«ሜዳ ላይ ነዋ። ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ግራር ሥር እንተኛለን።»

አስተኝቼ ሆዱን ዳሰስኩት። በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ በታች ጣፊያው ወደ እምብርቱ ወርዷል። ቆዳው ላይ የተተኮሰ ጠባሳ አለ፤ አገር ቤት አያቱ ለጣፊያው ብለው ያስተኮሱት ነው። እኚህ አያት የበሽታውን ስም አያውቁም እንጂ የታመመውን ቦታ ከሁላችንም ቀድመው አግኝተውታል። በፌስታሉ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች አንዱም ላይ ግን «መተማ» የሚል ቃል የለም።

የጠረጠርኩት ካላ አዛርን ነው። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማትሰማ ነፍሳት ናት። ይበልጥ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ወደ ሰውነት የምታስገባው ጥገኛ ተዋሲያን በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይራባል። ደም ያንሳል፣ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሳሉ፣ ነስር ይመጣል፣ ሥጋ ያልቃል። ሳይታከም የቀረ ካላ አዛር ከመቶ ሰው ከ95 በላዩን ይገድላል። ሲታከም ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከንክሻው ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው። በጥቅምት መተማ ወይም ሁመራ የተነከሰ ልጅ በጥርና በየካቲት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሊታመም ይችላል ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ደግሞ ካልተነገረው ስለ ሰሊጥ እርሻ በምን ያውቃል?

በሽታው ባለሙያንም እንደሚያሳስት ከሊቦ ከምከም በላይ የሚያሳይ ታሪክ በአገራችን አላውቅም። ሊቦ ከምከም ደቡብ ጎንደር ውስጥ ነው፤ ዋና ከተማው አዲስ ዘመን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ መንገድ ላይ ይገኛል። ካላ አዛር በሰሜን የሚታወቀው በሁመራና በመተማ ቆላ ስለነበር፣ ከፍታው ላይ ባለው በዚህ አገር ማንም አልጠበቀውም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሰዉ በማይለቅ ትኩሳት ሲታመምና ሲሞት «መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው» ተባለ። ያኔ እንዲህ ያለ ሰው ተሳሳተ ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ፋንሲዳር የተባለው የወባ መድኃኒት በእርግጥም እየከሸፈ ነበር፤ በኮአርተም የተተካውም በዚያው ጊዜ ነው። ወባም ትኩሳት ያመጣል፣ ወባም ጣፊያ ያሳብጣል። አንድ ሰው ሁለቱም በሽታ በአንድ ጊዜ ሊኖርበትም ይችላል።

ትክክለኛው ስም የተገኘው በግንቦት 1997 ነው፤ አገሩ ሁሉ ስለ ምርጫው በሚያወራበት በዚያ ወር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ጀመሩ፤ እስከ ታኅሣሥ 2000 ድረስ የታከሙት ሰዎች መዝገብም በኋላ ተጠንቷል። ከታካሚዎቹ ግማሾቹ 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ነበሩ። ሕክምና ካገኙት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 4 እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው የመሞት ዕድላቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የምጽፈው ለአያቶች ነው፤ «እኔ እኮ እርጅናዬ ነው» እያላችሁ ትኩሳታችሁን የምትደብቁ።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዲፕሎማዬን ይዤ በአንድ ቆላ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። አንድ አባት የ10 ዓመት ገደማ ልጁን በጀርባው አዝሎ ይመጣል፤ ትኩሳት አለው፣ ሆዱ ተነፍቷል። ክሎሮኪን ሰጠሁት። ተመልሶ መጣ፤ ደግሜ ሰጠሁት። በአራተኛው ጊዜ አባቱ አንገቱን ደፍቶ «ሲስተር፣ ይሄ ኪኒን የሌላ በሽታ ይሆን እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ ሳይሰጡት ቀርተው ይሆናል ብዬ ተቆጣሁት። አምስተኛ ጊዜ አልመጡም። የልጁ በሽታ ካላ አዛር ነበር ብዬ አልምልም። ዳሩ ግን ያ አባት የጠየቀኝ ጥያቄ እኔ ራሴን ልጠይቀው የሚገባኝ ነበር።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጥርጣሬዬንም እንደ ፍርድ አልተናገርኩም። በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ «ትኩሳት ከሁለት ወር በላይ፣ ጣፊያ ያበጠ፣ ክብደት የቀነሰ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር መተማ የሠራ፣ ውጭ ያደረ፣ የወባና የታይፎይድ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው» ብዬ ጽፌ፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ከነቀናቸው ዘርዝሬ ለአክስቱ ሰጠኋት። «ሐኪሙ ፊት ስትደርሺ መጀመሪያ ይህን አስነብቢው» አልኳት። መንግሥት ሆስፒታል ሄዱ። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለና «መተማ?» አለ፤ ይህን አክስቱ ናት የነገረችኝ።

የደም ቆጠራው ቀዩም፣ ነጩም፣ ደም የሚያረጋውም ሴል መቀነሱን አሳየ። ለካላ አዛር ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ ወዲያው የሚነበብ ምርመራ አለ፤ እሱ ካልበቃ ከአጥንት መቅኔ ወይም ከጣፊያ ናሙና ተወስዶ ተዋሲያኑ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። የእሱ ከመቅኔው ተገኘ። ኤችአይቪም ተመረመረ። ቤተሰቡ «ምን አገናኘው?» ብሎ ቅር ተሰኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ኤችአይቪ ካለ የመድኃኒቱ ምርጫ ይለያል፣ በሽታውም ቶሎ ቶሎ ያገረሻል። የእሱ ነጻ ሆነ።

ሕክምናው በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን ነው። ቀድሞ 30 ቀን ነበር። መርፌው ያማል፣ ልብንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችልም ክትትል ይጠይቃል። በ9ኛው ቀን ገደማ ትኩሳቱ ሲለቀው ልጁ «ድኛለሁ፣ አውጡኝ» ብሎ አስቸገረ። አክስቱ ከአልጋው አጠገብ አልነቃነቅ ብላ አስጨረሰችው። ጠበል ልውሰደው ላሉት ዘመድም «ጠበሉን እዚሁ አምጡለት» ብላ መለሰች፤ እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

እናንተም ቤት ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ካለ፣ መድኃኒት ተወስዶም ካልለቀቀ፣ ሌላ ኪኒን ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪሙን «በሽታው ሌላ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የልጁን የስድስት ወር ጉዞ፣ ያደረበትን ቦታ፣ የዋጠውን ሁሉ በደብተር ያዙ፤ አሮጌ የምርመራ ወረቀትም አትጣሉ።

ልጁ ካገገመ በኋላ፣ በሽታው አለማገርሸቱ እንዲታይ የስድስት ወር ቀጠሮ ተሰጠው። ቀጠሮው መስከረም ላይ ዋለ። «ቀኑ ይቅደምልኝ፣ አጨዳው ያመልጠኛል» ብሎ አክስቱን አስለቀሳት። ክረምቱን ሙሉ ተከራከሩ፤ አሸነፋት። ቀጠሮውን ጨርሶ ሲሄድ አጎበር ገዝታ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት። እኔም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የበሽታውን ስም በትልቁ ጻፍኩለት።