120 ሜጋ ዋት ሲባል ስንት ነው? መሐንዲስ ጋዜጠኛ ለነጋዴው ምን ይጠቅመዋል?

በአገራችን ጋዜጦች የቴክኖሎጂ ዜና ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በምረቃ ቀን ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ አንድ ትልቅ ቁጥር ይነገራል፣ ወሬውም በዚያው ያበቃል። ነጋዴው ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ከምረቃው በኋላ በመሆኑ ሌላ ዓይነት ጸሐፊ ያስፈልገዋል። ይኸውም ምህንድስና ተምሮ ወደ ጋዜጠኝነት የገባ፣ የአካባቢ ጥበቃም የሚያሳስበው ሰው ነው። ጥቅሙን ለማየት ከመቀሌ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውን የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እንውሰድ።

አሸጎዳ የተመረቀው በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ነው። ቬርኜ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ210 ሚሊዮን ዩሮ የገነባው ሲሆን 84 ተርባይኖች አሉት። የ30ዎቹ አቅም እያንዳንዳቸው 1 ሜጋ ዋት፣ የ54ቱ ደግሞ 1.67 ሜጋ ዋት ነው። ሲደመር 120 ሜጋ ዋት ይሆናል። ተራው ዜና እዚህ ላይ ይቆማል።

መሐንዲሱ ጋዜጠኛ ግን ከዚሁ ይጀምራል። 120 ሜጋ ዋት ማለት ተርባይኖቹ በሙሉ ኃይላቸው ሲዞሩ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። ዓመቱን ሙሉ እንዲያ ቢዞሩ ከ1 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ በተገኘ ነበር። በዕቅድ የተያዘው ግን 400 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ነፋስ ቀጠሮ አያከብርምና። ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት አቅም የወጣው 1,750 ዩሮ ሲሆን፣ ብድሩ የሚመለሰው ግን ከጣሪያው ሳይሆን ከተሸጠው ምርት ነው።

ታዲያ ነፋሱ ለምን አስፈለገ? አብዛኛው የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከውኃ ይገኛል። በበጋ ወንዞች ሲጎድሉ ነፋሱ ይበረታል። ያን ጊዜ አሸጎዳ በሠራ ቁጥር በግድቦች ያለው ውኃ ይቆጠባል። ነዳጅ አይቃጠልም፤ በማማዎቹ መካከልም ገበሬው ያርሳል። ይሁን እንጂ መሬታቸው ለማማና ለመንገድ የተወሰደባቸው ሰዎች ካሣም ከሂሳቡ ሊወጣ አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። አሸጎዳ ኃይሉን የሚያስገባው ወደ ብሔራዊው መረብ እንጂ በቀጥታ ወደ መቀሌ ወፍጮ ቤቶች አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከተማዋ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ስትቀር፣ ማማዎቹ መቅረባቸው ብቻ አላዳናትም። ማመንጫው ቅርብ ነው ብሎ ጄኔሬተሩን የሸጠ ነጋዴ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም።

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን ያስመርቃል። ከእነርሱ ጥቂቶቹ እንኳ ብዕር ቢያነሱ ገበያው ይጠቀማል። እስከዚያው ድረስ ግን አንባቢያችን የማመንጫ ምረቃ ሲሰማ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ በዓመት ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት? በየትኛው ወር? በየትኛው መስመር?