ባለ ቁልፉ ይበቃል ወይስ ስማርት ስልክ ይገዛ?

የሞባይል አገልግሎት በአገራችን በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር ጥያቄው ስልክ የማግኘትና ያለማግኘት ነበር። ሲም ካርድ ራሱ ብርቅ በሆነበት በዚያ ዘመን የቀፎው ዓይነት ብዙም አያነጋግርም ነበር። ዛሬ ሲም ካርዱ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ጥያቄውም ወደ ቀፎው ዞሯል። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ለዓመታት የያዙ እናት ልጆቻቸው "አሁንስ ስማርት እንግዛልሽ" ይሏቸዋል። ጨርቅ የሚሸጠው ነጋዴ ደንበኛው "ፎቶውን በቴሌግራም ላክልኝ" ሲለው መልስ ያጣል። ሥራ ፈላጊዋ ማስታወቂያው የወጣበትን ቻናል ከጓደኛዋ ስልክ ላይ ታነባለች። በሌላ በኩል ስማርት ስልክ ገዝቶ ከመደወልና ከመቀበል በቀር ምንም የማይሠራበት፣ ቻርጁ ባለቀ ቁጥር የሚማረርም አለ። ከመግዛትም ከመተውም በፊት ሁለቱን ስልኮች በቅጡ መተዋወቅ ይበጃል።

ባለ ቁልፉ፦ ከሚገመተው በላይ የሚሠራ

ባለ ቁልፍ ስልክ ያለፈ ዘመን ቅሪት ይመስላል እንጂ በጥንቃቄ የታሰበበት ዕቃ ነው። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው 1100 የተባለው ቀፎ ወደ 250 ሚሊዮን የሚጠጋ ተሽጦ በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት ስልኮች ግንባር ቀደሙ ሆኗል። ምስጢሩ ቀላል ነበር፦ አቧራ የማያስገባ የቁልፍ ሽፋን፣ የማያንሸራትት ጎን፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ መብራት። ከእሱ በኋላ ገበያውን የያዙት ቴክኖና አይቴል የአንድ ድርጅት ልጆች ናቸው፤ ባለቤታቸው መቀመጫውን በቻይናዋ ሼንዘን ያደረገው ትራንሽን ነው። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያም ስልክ ይገጣጥማል። ሁለት ሲም የሚቀበል ርካሽ ቀፎ በአፍሪካ የተለመደው በዋነኛነት በእነዚህ ስሞች ነው።

የባትሪው ነገር ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል ከባትሪው መጠን ጋር የተያያዘ አይደለም። የባለ ቁልፍ ስልክ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ነው። የአሁኑ ስማርት ስልክ 5,000 ይይዛል። ያም ሆኖ ትንሹ ለቀናት ሲቆይ ትልቁ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ሶኬት ይፈልጋል። ባለ ቁልፉ ስክሪኑ ትንሽ፣ ሥራውም ጥሪ መጠበቅ ብቻ ነው። ስማርቱ ግን ኪስ ውስጥ ተቀምጦም መልዕክት ይፈትሻል፣ ያሉበትን ቦታ ይለያል፣ መተግበሪያዎችን ያድሳል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት አካባቢ ደግሞ ሁለቱም ምልክት ፍለጋ ኃይል ይጨርሳሉ፤ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ስማርቱ ነው። መብራት በማይቋረጥበት ከተማ ይህ ልዩነት አይታይም። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ከፍሎ ሱቅ ለሚያስቀምጥ የገጠር ሰው ግን ዋነኛው መመዘኛ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ብዙዎች ወደ ስማርት ስልክ የሚሄዱት "ገንዘብ በስልክ ለማንቀሳቀስ ግዴታ ነው" ብለው ነው። አይደለም። በኮከብ ጀምረው በመሰላል የሚጨርሱት ቁጥሮች የሚጓዙት በኢንተርኔት ሳይሆን ስልኩ ጥሪ ለመቀበል ከአንቴናው ጋር በሚነጋገርበት መስመር ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው የድርጅቱ ማዕከል ነው፤ ቀፎው የሚያደርገው ማሳየትና የመረጡትን ቁጥር መመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብም በ*889# ከማንኛውም ቀፎ ይከፈታል። ዳታ አይፈልግም፤ ኔትወርክ ካለ በቂ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ሲወሰን ብዙ አሽከርካሪ የሞባይል ገንዘብን የለመደው በግድ ነበር፤ ግዴታው ግን ስለ አከፋፈሉ እንጂ ስለ ቀፎው ዓይነት አልነበረም።

ሌሎችም አሉ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የ8028 መስመር ገበሬው ደውሎ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ምክር በራሱ ቋንቋ እንዲያዳምጥ የተሠራ ነው። ራይድ ታክሲ መተግበሪያ ለሌለው ሰው በ8294 የስልክ ጥሪ ይቀበላል። ማዳመጥና ቁጥር መጫን ለሚችል ሰው ባለ ቁልፉ ብዙ በር ይከፍታል።

የማይከፍታቸውም በሮች አሉ። ፎቶ ተቀብሎ በወጉ አያሳይም፤ ቴሌግራም፣ ዋትሳፕና ኢሞ አይሠሩበትም፤ የተላከ ሰነድ አያነብም። በአማርኛ መጻፍም ላይ ይቸገራል። ፊደላችንን የማያውቅ ቀፎ በአማርኛ የተላከለትን መልዕክት ባዶ ሳጥን ደርድሮ ያሳያል። የሚያውቀውም ቢሆን በኤስኤምኤስ ሕግ ይታሰራል፦ አንድ መልዕክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሁለተኛ መልዕክት ሆኖ ይቆጠራል። "እንደምን ነህ" በላቲን ፊደል እየተጻፈ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስማርት ስልክ ከዚህ ነፃ ያወጣል፤ በቴሌግራም ላይ ፊደል በቁጥር አይሸጥም።

ስማርቱ፦ ስልክም ያለው ኮምፒውተር

በመንካት የሚሠራ ስክሪን ያለው የመጀመሪያው ስማርት ስልክ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ ያቀረበው ሳይመን ነው ይባላል። ዓለምን የቀየሩት ግን በ2007 የመጣው አይፎንና በ2008 የተከተለው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ናቸው። ከባለ ቁልፉ የሚለያቸው ዋናው ነገር የስክሪኑ ስፋት ወይም የካሜራው ጥራት አይደለም። ባለ ቁልፍ ስልክ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ሥራ እየሠራ ያረጃል። ስማርት ስልክ ግን ከተገዛ በኋላም አዲስ ሥራ ይጫንበታል፤ ዛሬ የባንክ መስኮት፣ ነገ መዝገበ ቃላት፣ ከነገ ወዲያ የሒሳብ መዝገብ ይሆናል።

ይህ ችሎታ ዋጋ አለው። መተግበሪያዎች በየዓመቱ እየከበዱ ይሄዳሉ፤ አሮጌ አንድሮይድንም ይተዋሉ። ዋትሳፕ ለምሳሌ ከአንድሮይድ 5 በታች ባሉ ስልኮች መሥራት አቁሟል። ባለ ቁልፉ እስኪሰበር ያገለግላል፤ ስማርቱ ሳይሰበርም ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ሲገዙ ከመልኩ ይልቅ አራት ነገሮችን ይጠይቁ፦ የአንድሮይዱን ዕድሜ፣ ራሙን፣ የማከማቻውን መጠንና የባትሪውን አቅም። ራም ስልኩ በአንድ ጊዜ የሚሸከመውን ሥራ ይወስናል። ጉግል ለአነስተኛ ስልኮች ያዘጋጀው "አንድሮይድ ጎ" እንኳ ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች የሆነ ቀፎ በርካሽ ቢገኝም ገንዘብ ማባከን ነው። ማከማቻው 32 ጊጋባይት ከሆነ ቴሌግራም ብቻውን ይሞላዋል፤ 64 ይሻላል። አራተኛውን ትውልድ ኔትወርክ መቀበሉንም ያረጋግጡ።

በእርግጥ የሚጠቀመው ማን ነው?

ስማርት ስልክ የተማረ ሰው ዕቃ ተደርጎ ይታያል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ሰው ከእሱ የሚያገኘው ጥቅም ከሁሉ ይበልጣል። ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ መልዕክት ማለት ጽሑፍ ነው፤ ፊደል ለማያውቅ ሰው የተዘጋ ነው። ስማርት ስልክ ላይ መልዕክት ድምፅም ነው፣ ፎቶም ነው። ቤሩት ወይም ሪያድ ለሥራ የሄደች ልጅ ከሥራ ስትወጣ እኩለ ሌሊት ላይ በድምፅ የላከችውን ሰላምታ እናቷ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ትሰማዋለች፤ መልሷንም ማይክሮፎኑን ተጭና ትናገራለች። ሰዓቱ መገጣጠም የለበትም፤ ውድ የሆነው የውጭ አገር ጥሪም ይቀራል። ዘመዱ ውጭ አገር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ብቻውን ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ተጠቃሚ ዕቃውን ማሳየት ያለበት ሰው ነው፦ ልብስ ሰፊው፣ አናጢው፣ የቤት ዕቃ ሻጩ፣ ደላላው። ሦስተኛው ማስታወቂያና ሰነድ የሚጠብቀው ነው፦ ተማሪው፣ ሥራ ፈላጊው፣ መሥሪያ ቤቱ ሥራ የሚያከፋፍለው በቴሌግራም የሆነ ሠራተኛ። ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ ባለ ቁልፉን ይዞ መቆየት ገቢ ያሳጣል።

ባለ ቁልፉ የሚበቃውም ሰው አለ። ስልኩን የሚፈልገው ለመደወልና ገንዘብ ለመቀበል ብቻ የሆነ፣ መብራት በሌለበት የሚኖር፣ ስልኩ ዘወትር ከእጁ የሚወድቅበት የጉልበት ሠራተኛ፣ በትንንሽ ምልክቶች መካከል መዋለል የሚያደክማቸው አዛውንት። ለእነዚህ ሰዎች ስማርት ስልክ በስጦታ መስጠት ሸክም መስጠት ሊሆን ይችላል። አባትዎ ስልክ ለማንሳት እንኳ እንዳይቸገሩ ከፈለጉ በቁልፍ የሚነሳውን አይንጠቋቸው።

ወጪው ከቀፎው በኋላ ነው

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል፤ ስልክም መለዋወጫውም ከዚህ አላመለጡም። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው የቀፎውን ዋጋ ብቻ ነው። በየወሩ የሚገዛ የዳታ ፓኬጅ፣ መሸፈኛ፣ ሲሰበር የሚቀየር ስክሪን፣ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ፓወር ባንክ ይከተላሉ። ባለ ቁልፉ ሲወድቅ የወለቀው ባትሪ ተመልሶ ይገጠማል፤ ስማርቱ ሲወድቅ ጥገና ቤት ይኬዳል።

ፓኬጁ ሳያውቁት እንዳያልቅ በመጀመሪያው ቀን ሊደረጉ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ቴሌግራምና ዋትሳፕ ፎቶና ቪዲዮ በራሳቸው እንዳያወርዱ ማዘጋጀት፣ የመተግበሪያ እድሳት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማድረግ፣ ሲጨርሱም ዳታውን ማጥፋት። አንድ ሰዓት ቪዲዮ እንደ ጥራቱ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት እስከ ጊጋባይት ይበላል፤ ድምፅና ጽሑፍ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይፈጃሉ።

ከገንዘቡ ሌላ አደጋም አለ። ባለ ቁልፍ ስልክ ቢሰረቅ የሚጠፋው ቀፎውና የስልክ ቁጥሮች ናቸው። ስማርት ስልክ ሲሰረቅ ፎቶ፣ የባንክ መተግበሪያ፣ የግል ወሬ አብሮ ይሄዳል። መቆለፊያ ሳያስገቡ አንድ ቀን አይደሩ። በቴሌግራም "ይህን ጫን፣ ሽልማት አግኝ" ተብሎ የሚላክ ፋይል አይጫን፤ መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይውረድ። የምስጢር ቁጥርዎን በስልክ የሚጠይቅዎ ሰው ራሱን የባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ ቢል እንኳ ሌባ ነው ብለው ይቁረጡ። ይህኛው ምክር ለባለ ቁልፍ ስልክ ተጠቃሚም ይሠራል።

ሲገዙ

አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት *#06# ይጫኑ። የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር የቀፎው መለያ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ይተዉት። ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የጉግል አካውንቱን፣ አይፎን ከሆነ የአይክላውድ አካውንቱን እፊትዎ ያውጣ፤ ካልወጣ ስልኩ ፎርማት በተደረገ ማግስት ተቆልፎ ይቀራል። ደውለው ይነጋገሩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ቻርጀር ይሰኩ። ስክሪኑን በነጭ ምስል ሞልተው ነጠብጣብ ይፈልጉ።

ከአሜሪካ ዘመድ ስልክ ሲልክልዎ ደግሞ አስቀድመው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ "ለሁሉም ኔትወርክ የተከፈተ ነው?" እዚያ በኮንትራት የሚሸጡ ብዙ ስልኮች ለሸጣቸው ድርጅት ብቻ ተቆልፈው ይወጣሉ፤ እዚህ ሲም ካርድ አይቀበሉም። ስለ ቻርጀሩ አይጨነቁ፤ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የሚያስፈልገው የሶኬት ማገናኛ ብቻ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ግን አሮጌ ባለ ቁልፉን ተማምኖ አይሂድ። እዚያ ትላልቆቹ ኩባንያዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ትውልድ ኔትወርካቸውን በአብዛኛው ዘግተዋል፤ ኤቲ ኤንድ ቲ ሦስተኛውን በ2022 እ.ኤ.አ. ዘግቷል።

ሲጠቃለል፣ ስማርት ስልክ የሚገዛው ሥራ ሲኖረው ነው። ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት፣ የሚሸጡትን ማሳየት ካለብዎት ወይም ትምህርትና ሥራ በቴሌግራም የሚመጣልዎት ከሆነ ይግዙ፤ ግን የወር ፓኬጁን ከቀፎው ዋጋ ጋር ደምረው ያስሉ። ለመደወልና ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ብቻ ከሆነ ባለ ቁልፉ ይበቃዎታል፤ የሚተርፈውን ገንዘብ ለሌላ ያውሉት። ሁለቱንም ከቻሉ ደግሞ ዋናውን ሲም በባለ ቁልፉ አድርገው ስማርቱን ለዳታ ይያዙ፤ ስማርቱ ቻርጅ ቢጨርስም ሰው አያጣዎትም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለያዘ ብቻ አይግዙ።