ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው ወይስ የሽቦው?

በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሞተር ምስል ያለባት ቢጫ መብራት ስትበራ መኪናው ወደ ጋራዥ ይወሰዳል። በዚያም መመርመሪያ መሣሪያ ይሰካና ‹ፒ0118› የሚል የስሕተት ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ሴንሰርን የሚመለከት በመሆኑ ሴንሰሩ በአዲስ ይለወጣል። ከሳምንት በኋላ መብራቷ ተመልሳ ትበራለች። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ጥፋቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ይህ ለምን ይሆናል?

የሞተሩ ኮምፒዩተር ሙቀትን በቀጥታ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቮልት ብቻ ነው። ሴንሰሩ ቴርሚስተር ነው፤ ማለትም ሲሞቅ ሙግደቱ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የመቃወም ባሕርዩ) የሚቀንስ ሴሚኮንዳክተር ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ሙግደቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ይሆናል። ኮምፒዩተሩ በውስጡ ባለ ቋሚ ሪዚስተር በኩል 5 ቮልት ይልክና በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈውን ቮልት ይለካል። ሽቦው ከተበጠሰ 5 ቮልቱ እንዳለ ስለሚቀር ኮምፒዩተሩ ሞተሩ ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። እንግዲህ ፒ0118 ‹በዚህ መስመር ያለው ቮልት ከልክ በላይ ነው› ይላል እንጂ ‹ሴንሰሩ ተበላሽቷል› አይልም።

በእኛ አስተያየት ይበልጥ አስቸጋሪው መብራት የማያበራው ጥፋት ነው። ቋሚው ሪዚስተር 2,500 ኦም፣ የሞቀው ሴንሰር ደግሞ 320 ኦም ነው እንበል። ኮምፒዩተሩ 0.57 ቮልት ያነባል። መካኒኮች ማሳ በሚሉት፣ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለሰው ሽቦ መጋጠሚያ ላይ ዝገት 680 ኦም ቢጨምር ድምሩ 1,000 ኦም፣ ቮልቱም 1.43 ይሆናል። ይህ ለኮምፒዩተሩ 45 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ቮልቱ ከተፈቀደው ወሰን ስላልወጣ፣ በተለይ በአሮጌ መኪኖች፣ ምንም ቁጥር ላይመዘገብ ይችላል። ሞተሩ ግን ገና ያልሞቀ ተብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ሊረጭለት ይችላል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ባለቤቱም የነዳጅ ዋጋን ያማርራል።

ለምርመራው አንድ ዲጂታል መልቲሜትር ይበቃል። በቅድሚያ የባትሪውን ቮልት እንለካለን፤ ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅለን የሴንሰሩን ሙግደት በጠዋት፣ ከዚያም ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ እንለካለን። ሴንሰሩን ፈትቶ ከቴርሞሜትር ጋር በሚሞቅ ውሃ ውስጥ መለካትም ይቻላል፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የፈላውን ውሃ እንደ 100 ዲግሪ የቆጠረ ሰው ደኅናውን ሴንሰር በከንቱ ሊጥለው ይችላል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ሴንሰሩንም ሆነ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ቃጠሎ ያስከትላል።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ቁልፉ ተከፍቶ በተነቀለው ሶኬት ሁለት ጫፎች መካከል ሲለካ 5 ቮልት ይነበባል፤ መርማሪውም ሽቦው ደኅና ነው ይላል። ይሁንና የመልቲሜትሩ የራሱ ሙግደት አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው። በዚህ ላይ 680 ኦም ቢጨመር ምን ለውጥ ያመጣል? ዝገቱ የሚጋለጠው ኮረንቲ ሲያልፍበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሶኬቱን መልሰን፣ ሞተሩን አስነሥተን፣ ከሶኬቱ ጀርባ ቀጭን መርፌ አስገብተን በሴንሰሩ የማሳ ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ያለውን ቮልት እንለካለን። ጤነኛ ማሳ ከ0.1 ቮልት በታች ያሳያል፤ በምሳሌያችን ግን 1 ቮልት ገደማ ይነበባል።

ጥገናውም ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተን፣ የማሳውን መጋጠሚያ ከፍተን፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን መልሰን አጥብቀን እናስራለን፤ ከዚያ ያንኑ ልኬት እንደግማለን።