ከአሪቻ የሚላከው ተማሪ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚወጣበት ሰሞን በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጁ ወዴት ደረሰው? በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ ወረዳ በምትገኘው በአሪቻም ይኸው ይጠየቃል። የአሪቻ ወላጅ ግን ይህን ሲጠይቅ ደስታና ሥጋት በልቡ ተቀላቅለውበት ነው። ዛሬ ለአንባብያን ልናወጋ ያሰብነው ይልቁንም ስለ ሥጋቱ ነው።

ስለ ደስታው ብዙ መናገር አያስፈልግም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ከአንዲት የገጠር ቀበሌ አንድ ልጅ ሲያልፍ ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ሠርግ ቢቆጥረው አያስደንቅም።

ከሠርጉ በኋላ የወጪው ነገር ይመጣል። የአሪቻ ስም በውጭ አገር በቡና ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ፥ በከረጢትም ላይ የሚታተም ነው። የቡናው ባለቤት ግን በእንሰትና በጥላ ዛፍ መካከል ካለችው ማሳው እሸቱን ለቅሞ ለማጠቢያ ጣቢያ በኪሎ የሚያስረክብ ገበሬ ነው። ቀዩ ፍሬ የሚደርሰው ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ነው። ብርድ ልብሱም፥ ደብተሩም፥ የአውቶቡሱም ዋጋ የሚወጣው ከዚሁ ገንዘብ ነው። ለቀማው ሰው በሚፈልግበት ወራት ደግሞ ተማሪው ከቤት የለም። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ አስቀድሞ መንግሥት ይሸፍናል፤ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርምና ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመልሳል። (ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባብያን ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።)

ልጁ የደረሰው ዲላ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። የዲላው ትምህርት ቤት በ1980ዎቹ መጨረሻ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ፤ በ1992 ዓ.ም. ከአዋሳና ከወንዶ ገነት ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይርጋጨፌና ዲላ በአንዱ በሞያሌ መንገድ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ስለሆኑ፥ የአሪቻው ልጅ ቅዳሜ ሄዶ ቡና ለቅሞ እሑድ ማታ ሊመለስ ይችላል። ሲመለስም እናቱ የጠቀለለችለትን ቆጮ ይዞ ነው። የካፌው ሽሮ የሰለቻቸው የዶርም ጓደኞቹ ከጎጃም፥ ከወለጋ ወይም ከሶማሌ አገር የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ቆጮውን ጎረሥ አድርገው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ግን ልጁ ገና በር ሳይከፍት ዕቃው ከእጁ ይወሰዳል። በዚያች ጠባብ ክፍል በተደራረበው አልጋ ላይ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብርቶ የሚያጠና ቀለሜና እንቅልፍ የማይችል ጓደኛው ይጣላሉ፤ ይታረቃሉ። አንዱ የጌዴኦኛ ሰላምታ ይማራል፤ ሌላው አማርኛው ይስተካከልለታል። የእንግሊዝኛው ነገር ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል፤ ሁሉም ይቸገሩበታልና።

ታዲያ ሁሉም በየአገሩ ቢማር ምን አለበት? የሚሉ አሉ። እኛ በበኩላችን አንስማማም። ያች የዶርም ክፍል እንዲህ ልትሆን የቻለችው ሌሎቹ ከሩቅ ተልከው በመምጣታቸው ነው። ተማሪን ወደማያውቀው አገር መላክም ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ዓላማውና አፈጻጸሙ ቢለያይም፥ ከሄዱት ብዙዎቹ አገራቸውን ያዩት ያን ጊዜ ነው።

የአሪቻን ወላጅ የሚያስጨንቀው ግን ታሪክ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት መቶ ሺህዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ ጌዴኦ በዓይኑ አይቷል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግጭት ተገደሉ፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ታወኩ፤ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎችም በመንገድ ላይ ታገቱ። ይህን የሰማ ወላጅ የልጁ ምደባ ሩቅ ሲሆንበት ቢያመነታ ፈሪ ወይም ጠባብ ሊባል አይገባም። ልጁን የሚልከው በዓመት አንድ ጊዜ በሚገኝ የቡና ገንዘብ ነውና፥ አንድ ሴሚስተር ቢቋረጥ የሚከተለው ኪሣራ ለከተማ ሰው ከሚመስለው በላይ ነው።

ስለዚህ ምደባው ይቅር ከማለት ይልቅ የምደባው ባለቤት ከልጁ ጋር እስከ መንገዱ ድረስ ይሂድ እንላለን። ግቢው እንደ ተከፈተና እንደ ተዘጋ ተማሪዎች በአንድነት የሚጓዙበት አውቶቡስ ይዘጋጅ። መንገድ ሲዘጋ ለወላጅ የሚነገርበት ሥርዐት ይኑር፤ ወሬውን ከገበያ እየሰማ ሌሊቱን እንዳያነጋ። ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በምደባው ወረቀት ላይ አንድ የስልክ ቁጥር ቢጻፍ፥ ያን ስልክ የሚያነሣ ሰውም ቢቀመጥ፥ የአሪቻዋም እናት ስትደውል በጌዴኦኛ የሚመልስላት ቢኖር ይበቃል። ቋንቋውን የሚያውቁ ተመራቂዎች በዲላ ሞልተዋል።