ውቅያኖስ ላይ የኤሌክትሪክ ገቢና ወጪ

በየዓመቱ ኅዳር ላይ በርካታ ባለሸራ ጀልባዎች ከካናሪ ደሴቶች፣ ከላስ ፓልማስ ወደብ ተነሥተው አትላንቲክን በማቋረጥ ወደ ካሪቢያን ያቀናሉ። ይህ የኅብረት ጉዞ የተጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። መድረሻው እስከሆነችው የካሪቢያን ደሴት ሴንት ሉሲያ ያለው ርቀት 2,700 የባሕር ማይል፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀልባዋን ነፋስ ይገፋታል፤ መብራቱ፣ ሬዲዮው፣ የአቅጣጫ መሣሪያውና ፍሪጁ ግን ለሁለት ለሦስት ሳምንት የሚኖሩት በባትሪ ነው።

የጀልባ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። የቤት ዕቃዎች ደግሞ በአውሮፓ 230፣ በአሜሪካ 120 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ይፈልጋሉ። ኢንቨርተር ቀጥተኛውን ወደ ተለዋዋጭ ይለውጣል፤ ቻርጀር ተቃራኒውን ይሠራል። ዛሬ ሁለቱን በአንድ ሣጥን የያዘ መሣሪያ የተለመደ ነው፦ ወደብ ላይ መስመር ሲሰካለት ባትሪውን ይሞላል፤ ሲነቀል ወዲያው ከባትሪው ኃይል ማውጣት ይጀምራል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ኢንቨርተር ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ ያለውን ወጪ ያደርጋል እንጂ።

ወጪው ምን ያህል ነው? 1,200 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያ ከ230 ቮልት መስመር የሚስበው 5 አምፔር ያህል ብቻ ነው። በኢንቨርተር ሲሠራ ግን ከ12 ቮልቱ ባትሪ 100 አምፔር ይፈልጋል፤ ሲለወጥ የሚባክነው ሲታከልበት 110 ይደርሳል። ገመድ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በጅረቱ ካሬ ነው፤ ጅረቱ 20 እጥፍ ሲሆን በዚያው ገመድ ሙቀቱ 400 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የሚሄደው ገመድ አጭርና ወፍራም፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት። መሀል ውቅያኖስ ላይ እሳት ቢነሣ የሚሸሹበት ሜዳ የለም።

ያም ሆኖ ባትሪውን የሚጨርሰው ማፍያው አይደለም። አምስት ደቂቃ ቢሠራ የሚበላው 9 አምፔር-ሰዓት ያህል ነው። ምንም ሳያሠራ በርቶ የሚውል ኢንቨርተር ግን 20 ዋት ብቻ ቢወስድ እንኳ በ24 ሰዓት 40 አምፔር-ሰዓት ይጨርሳል፤ ይህ ከአራት ጊዜ ውሃ ማፍላት ይበልጣል። 400 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ አይወሰድበትም። መጠቀም ከሚቻለው 200 ላይ 40 በከንቱ ማለቁ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሥራ የሌለው ኢንቨርተር መጥፋት አለበት።

ገቢው ከወጪው የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥሩ ቻርጀር በመጀመሪያ የሚችለውን ጅረት ሁሉ ይሰጣል፤ ቮልቱ 14.4 አካባቢ ሲደርስ በዚያው ያቆየዋል፣ ባትሪው የሚቀበለው ጅረትም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲሞላ ወደ 13.5 ገደማ ዝቅ ብሎ ሙሌቱን ይጠብቃል። የእርሳስ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ድረስ ፈጥኖ ይሞላል። የመጨረሻው 20 በመቶ ግን ሰዓታት ይፈጃል፤ ትልቅ ቻርጀር መግዛትም አያፋጥነውም። ባሕር ላይ ባትሪውን ለመሙላት በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ሞተር አስነሥቶ ማጥፋት ዘወትር ጎዶሎ ያደርገዋል፤ በውስጡ ባሉት ሳህኖች ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይደነድንና አቅሙን ይገድለዋል። ጠቢብ መርከበኛ ሞተሩን ለመጀመሪያው ፈጣን ሙሌት፣ የፀሐይ ኃይል (ሶላር) ፓነሉን ለዘገምተኛው ማጠናቀቂያ ይጠቀምበታል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከአቅሙ 80 በመቶ ያህል ይሰጣል፤ እስከ መጨረሻው ሊሞላ እስኪል ድረስም ከፍተኛ ጅረት ይቀበላል። ጥቅሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ የሞተሩን ኤሌክትሪክ አመንጪ (አልተርኔተር) ያለ ዕረፍት አሠርቶ ሊያቃጥለው ይችላል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝም መሞላት የለበትም። ለእርሳስ የተስተካከለ ቻርጀርም ቅንብሩ ሳይቀየር አይገጠምለትም።

ይህ ሒሳብ የመርከበኛ ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግለው ቤቱ ኢንቨርተር ያስገባ ሰውም የሚመራው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ለመግዛት ከመውጣትዎ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት ያባዙና ይደምሩ፤ ያንን የሚተካ ኃይል ከየት እንደሚመጣ ይወስኑ፤ ኢንቨርተሩን ከዚያ በኋላ ይምረጡ።