ያውቁ ኖሯል? ከጉዱማሌ እስከ ቤልፋስት

ያውቁ ኖሯል? የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ወካይ መዝገብ የሰፈረው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ነው። ከኢትዮጵያ ቀድሞት የተመዘገበው መስቀል ብቻ ነበር።

ቀኑን ቆርጠው የሚያሳውቁት አያንቶ የሚባሉ የሰማይ ተመልካቾች ናቸው። የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ይከታተላሉ፤ በዓሉ በየዓመቱ በተለያየ ቀን የሚውለውም ለዚህ ነው።

የበዓሉ መነሻ አንዲት ሴት እንደሆነች ይተረካል። ካገባች በኋላ በዓመት አንዴ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ፣ እነሱም ለጎረቤት ያካፍሉ ነበር። ልጆች ዛሬም «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ የሚቀርብላቸው ይኸው ቡርሳሜ ነው።

ሐዋሳ ላይ በዓሉ የሚደምቀው በጉዱማሌ አደባባይ ነው። ሽማግሌዎች ቄጣላ እያሉ ይገባሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው በአንድ ድምፅ ይቀበላል። ወጣቶች ፋሮ ይጨፍራሉ። በዚህ ዜማ ውስጥ ቆሞ ተመልካች የለም፤ ዕድሜና ጾታ ሳይለይ የመጣ ሁሉ ተሳታፊ ነው። የቄጣላ ትልቁ ሀብት፣ እንደ እኔ እምነት፣ ይህ ነው። የመድረክ ሙዚቃ በጥቂት ባለሙያዎች ሊኖር ይችላል፤ ቄጣላ ግን ተቀባይ ካጣ የሚያወርደው ሰው ብቻውን ይቀራል።

ይህ ስጋት የሲዳማ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1792 በአየርላንድ፣ ቤልፋስት ከተማ፣ የበገና ደርዳሪዎች ጉባኤ ሲጠራ የተገኙት አይሪሾች 10 ብቻ ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ዓይነ ስውራንና በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ኤድዋርድ በንቲንግ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ዜማቸውን እየሰማ በኖታ ጻፈ። ያ ወጣት ባይጽፍ ኖሮ ብዙው ከአረጋውያኑ ጋር በተቀበረ። የአይሪሽ በገና አደራረድ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ፊቼ በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የበገናው ምስልም የአገሪቱ ዓርማ ነው።

የእኛው በገና 10 አውታር አለው። በደርግ ዘመን ከሬዲዮ ርቆ ቆይቷል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት ዓለሙ አጋን የመሰሉ መምህራን ግን አደራውን አልጣሉም፤ ዛሬ በገና የሚማሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

በቡድን ደረጃም፣ በደብሊን «ዘ ቺፍተንስ» የተሰኘው የባህል ሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1962 በተመሠረተ በዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተወለደ። መሥራቹ ግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ ናቸው። ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩትን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና በገና አንድ ላይ አስቀመጡ። በኋላ ተስፋዬ ለማ መሩት። ቻርልስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተምሮ ከቡድኑ ጋር ተጫውቷል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን ዞሮ ዘመናዊ መሣሪያ የለመደውን ጆሮ በአገር ዜማ አስደመመ።

ዜማን ለልጆች በማውረድ ረገድም አይሪሾች እ.ኤ.አ. በ1951 ያቋቋሙት የባህል ሙዚቃ ማኅበር እስከዛሬ ልጆችን ከአንጋፋዎች ሥር አስቀምጦ ያስተምራል።

መጪው ፊቼ ሲደርስ ስልክዎን አውጥተው የአያትዎን ዜማ ይቅረጹ። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና ዓመቱን ይጻፉበት። ቅጂውን ካስቀመጡ በኋላ ልጅዎን ይዘው ጉዱማሌ ይውረዱ፤ ይቀበል።